የድሮ ወታደራዊ ጠመንጃ ምላጭ ለምን ይከብዳል? የዒላማ ትክክለኛነቱስ ከየት ይመጣል?

(በሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ጠመንጃ ቢሆንም ስለ ጦርነት ለመናገር አልመጣሁም። የምናገረው ጣት ስለምታርፍባት ስለ አንዲት ትንሽ ብረት፣ ስለ ምላጭ ነው። የማሽን ክፍሎች ንድፍ ሳስተምር በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ ከምሥላቸው ነገሮች መካከል የማውዘር 98 ምላጭ አንዱ ነው። ማንሻ፣ ሞላ፣ ሰበቃና የብረት ጥንካሬ በአንድ መዳፍ በማይሞላ ቦታ ተሰብስበው ስለሚገኙበት ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሰማንያ ወይም መቶ ዓመት ያስቆጠረ ወታደራዊ ጠመንጃ በእጁ የገባ ሰው፣ ቅርስ ሰብሳቢም ይሁን የዒላማ ስፖርተኛ፣ መጀመሪያ የሚያሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ ምላጩ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ይሻክራል ይላል። ቀጥሎ የሚመጣለት ሐሳብም ተመሳሳይ ነው፤ ሞረድ ይፈልጋል። አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ። ክብደቱ በአብዛኛው ንድፍ አውጪው አስቦበት የወሰነው ነው፤ ሻካራነቱ ደግሞ በአብዛኛው ቆሻሻ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለይ ሞረድ የሚያነሣ ሰው በራሱና በአጠገቡ በቆመው ሰው ሕይወት ይቀልዳል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ላንሣ። «ቃታ» የሚለው ቃላችን በአንዱ አካባቢ ጣት የሚስበውን ክፍል፣ በሌላው ደግሞ ጥይት የሚያጎርሰውን ክፍል ያመለክታል። ግራ እንዳንጋባ እኔ ጣት የሚስበውን ምላጭ፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥይት የሚያጎርሰውን መቀርቀሪያ እላለሁ። በመቀርቀሪያው ውስጥ በሞላ ተወጥሮ የጥይቱን ግርጌ የሚመታውን መቺ፣ መቺውን ወደ ኋላ እንደተሳበ አንቆ የሚያቆየውን ጥርስ ደግሞ ያዥ እለዋለሁ። የምላጭ ሥራ ያዡን ዝቅ አድርጎ መቺውን መልቀቅ ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ባዶ የማውዘር ወይም የሞሲን ጠመንጃ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ምላጩን እስከ መጨረሻው ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይደርሳል። ተኳሹ ጠመንጃውን ጸጥ አድርጎ ለመያዝ እየታገለ ባለበት ቅጽበት የጠመንጃውን ግማሽ ክብደት የሚያህል ወይም የሚበልጥ ኃይል በአንዲት ጣት ይጨምርበታል ማለት ነው። ጣቲቱ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ካልሳበች የተረፈው ኃይል አፈሙዙን ወደ ጎን ይገፋዋል። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ርቀት 60 ሴንቲሜትር ቢሆንና የፊተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢንሸራተት፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ 17 ሴንቲሜትር ያህል ከዒላማው ይወጣል። አንድ ሚሊ ሜትር የጥፍር ውፍረት ያህል አይደለምን? ስለዚህ ምላጭ ተኩስን አያበላሽም የሚል ሰው ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ይሞክረው። ቅሬታ አቅራቢዎቹ እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ታዲያ ያን ሁሉ ጥበብ የነበራቸው የኦበርንዶርፍ መሐንዲሶች ምላጩን ለምን አላቀለሉትም? መልሱ የማውዘር 98 ያዥ በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ይገኛል። ያዡ ከጠመንጃው ገላ በታች የተንጠለጠለ ረጅም ማንሻ ነው፤ ሞላ ከሥሩ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የኋለኛው ጫፉም የመቺውን ጉልበት አንቆ ይይዛል። ምላጩ ከዚህ ማንሻ ጋር በፒን የተያያዘ ሲሆን ራሱ ላይ ሁለት ጉብታዎች አሉት። ጣት ስትስብ መጀመሪያ አንደኛው ጉብታ ከጠመንጃው ገላ ሥር ተደግፎ ያዡን በቀላሉ፣ ግን በረጅሙ፣ ወደ ታች ያወርደዋል። ይህ ወታደሩ «ባዶ ጉዞ» የሚመስለው የመጀመሪያው እርከን ነው። ከዚያ ሁለተኛው ጉብታ ያርፋል። በዚህ ጊዜ የማንሻው መደገፊያ ቦታ ስለሚቀየር ጣት ድንገት ከግድግዳ ጋር የተጋጠመች ያህል ይሰማታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በጣም አጭርና ከበድ ያለ ስበት ነው፤ ጥይቱ የሚተኮሰው በዚህ መጨረሻ ላይ ነው።

የዚህን ብልሃት ልብ በሉልኝ። ጠመንጃው ጎርሶ በወታደሩ ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል ያዡና መቺው የተናነቁት በጥልቀት ነው። ወታደሩ ቢወድቅ፣ ሰደፉ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ፣ አቧራ ቢገባበት፣ ብረቱ ከዓመታት አገልግሎት ቢያልቅ እንኳ በቂ ንክሻ ይተርፋል። ያ ጥልቀት የሚቀንሰው ተኳሹ ሆነ ብሎ የመጀመሪያውን እርከን ሲስብ ብቻ ነው። በማንጠልጠል ጊዜ የከበደ ደኅንነት፣ በመተኮስ ጊዜ ያጠረ ስበት፣ ሁለቱም በአንድ ብረት ይገኛሉ። በእኔ አስተያየት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከተሠሩት ትናንሽ የማሽን ክፍሎች ሁሉ ከሚደነቁት አንዱ ነው። እና ይህንን «ባዶ ጉዞ» ነው ዛሬ በየቤቱ ሊያስወግዱት የሚሞርዱት።

ሲሞረድ ምን ይሆናል? የያዡና የመቺው ፊቶች ከላይ ብቻ የጠነከረ ብረት ናቸው። ጠንካራው ቅርፊት ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ለስለስ ያለ ነው። ሞረዱ ቅርፊቱን ካለፈ ምላጩ ለጥቂት ቀናት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ባለቤቱም በሥራው ይኮራል። ከዚያ ለስላሳው ብረት በእያንዳንዱ ተኩስ እየተበላ ንክሻው በራሱ ያጥራል። ሁለተኛው አደጋ የማዕዘን ነው። ሁለቱ ፊቶች የተናነቁበት ማዕዘን ጥቂት ከተዛባ መቺው በራሱ ሞላ ግፊት ያዡን ወደ ታች ሊያንሸራትተው ይችላል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ጣት ምላጩን ሳትነካ፣ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ወይም ሰደፉ መሬት ሲነካ ይተኩሳል። ሞላ መቁረጥም እንዲሁ ነው። የያዡ ሞላ ቢያጥር ያዡ በጊዜው ወደ ቦታው ላይመለስ ይችላል፤ የመቺው ሞላ ቢደክም ደግሞ ጥይቱ ይከሽፋል። ወይም ዘግይቶ ይተኩሳል፤ ይህኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሰውየው «ከሸፈ» ብሎ መቀርቀሪያውን ሲከፍት ነውና።

የተፈቀደው ምንድን ነው ትሉኛላችሁ። ብዙ ነው። ከመጋዘን የወጣ ጠመንጃ፣ በተለይም የሶቪየት ኅብረት ክምችት የነበረው፣ ለአሥርት ዓመታት በወፍራም ግራሶ ተለውሶ የኖረ ነው። ያ ግራሶ በያዡ ሞላ ዙሪያ ደርቆ እንደ ሰም ይጋገራል። ሻካራ ነው የተባለው ምላጭ ከግማሽ በላይ ችግሩ ይህ ሆኖ ይገኛል። ክፍሎቹን ፈትቶ በማሟሚያ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በተናናቂዎቹ ፊቶች ላይ ስስ ዘይት መቀባት፣ ከዚያም በባዶ ጠመንጃ፣ በማስመሰያ ጥይት፣ ምላጩን ደጋግሞ መሳብ ብቻ የሚያመጣው ለውጥ ያስገርማል። ከዚህ አልፎ ፊቶቹን ማለስለስ ካስፈለገ ማዕዘኑን ሳይነካ፣ ብረት ሳይቀንስ፣ በደቃቅ የመሳያ ድንጋይ የሚሠራ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ ሥራ ነው። ክብደት በራሱ ኀጢአት እንዳልሆነ ደግሞ የስፖርቱ ሕግ ይመሰክራል፤ የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ300 ሜትር ስታንዳርድ ጠመንጃ ውድድር ከ1500 ግራም በታች የሚሳብ ምላጭ አይፈቅድም።

ምላጩ የሚከብድበት ምክንያት ሁልጊዜ በብረቱ ውስጥ አይደለም። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በመጀመሪያው ሞዴል ምላጩ የተሰቀለው ከምላጭ መከለያው ጋር ነበር፤ መከለያው ደግሞ በብሎን ከእንጨቱ ጋር ይታሰራል። ያዡ ግን ከጠመንጃው ገላ ጋር ነው ያለው። እንግዲህ አስቡት፤ ምላጭና ያዥ እንዲገናኙ የተደረጉት በመካከላቸው ባለው እንጨት በኩል ነው። እንጨት በዝናብ ወራት ያብጣል፣ በበጋ ይሸማቀቃል። ሲሸማቀቅ ምላጩ ወደ ያዡ ይቀርባል፣ ሲያብጥ ይርቃል። በአንድ ጠመንጃ ላይ ሁለቱ እርከኖች በክረምት አንድ ዓይነት፣ በበጋ ሌላ ዓይነት ይሰማሉ። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 የወጣው ሁለተኛው ሞዴል ምላጩን ከመከለያው አንሥቶ በቀጥታ ከገላው ጋር ሰቀለው፤ ችግሩም ተወገደ። የመጀመሪያውን ሞዴል ይዞ ምላጩን የሚሞርድ ሰው የእንጨት በሽታ በብረት ላይ ያክማል። ማድረግ የሚገባው ብሎኖቹ መጥበቃቸውን፣ እንጨቱም ከገላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አለመላላቱንና አለመሰንጠቁን ማየት ነው።

የሞሲን ናጋን ጠመንጃ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ሩስያ በ1891 የተቀበለችው ይህ ጠመንጃ ምላጩ ለቀላልነቱ ወደር የለውም። ያዡና ሞላው አንድ ጠፍጣፋ ብረት ናቸው፤ አንድ ጫፉ በብሎን ታስሮ ሌላው ጫፉ መቺውን ያንቃል። ምላጩ ራሱን የሚመልስ ሞላ የለውም፤ ጠመንጃውን ብታወዛውዙት ይንቀዋለላል። (ሳቅ) አትሳቁ፤ በብዙ ሚሊዮን ተመርቶ በበረዶና በጭቃ ውስጥ ያገለገለው በዚህ ቀላልነቱ ነው።

ፊንላንድ ከሩስያ ግዛት ስትላቀቅ እነዚህ ጠመንጃዎች በብዛት በእጇ ቀሩ። አዲስ ለመሥራት አቅሙ አልነበረም፤ ስለዚህ ያለውን ማሻሻል ተያያዙት። የፊንላንድ የሲቪል ዘብ ድርጅት በ1928 ያወጣው ኤም 28 የተባለው ሞዴል በምላጩ ላይ አንዲት ትንሽ ጥምዝ ሞላ ጨመረ፤ የምላጩም ጉዞ አጠረ፣ መንቀዋለሉም ቀነሰ። ልብ በሉ፤ የያዡን ንክሻ አልሞረዱም፤ የጎደለውን ሞላ ጨመሩ እንጂ። ደግሞም በምላጩ አላቆሙም። በርሜሉን በአዲስና ከበድ ባለ በርሜል ተኩ፤ የመጀመሪያዎቹን ከስዊዘርላንዱ ሲግ ገዙ፤ ቆይተውም በአገራቸው ፋብሪካዎች አሠሩ። በ1930 በተሻሻለው ሞዴል ደግሞ የኋላውን ማነጣጠሪያ በአዲስ ቀየሩ። ከኅዳር 1939 እስከ መጋቢት 1940 በተካሄደው የክረምት ጦርነት ከ500 በላይ የጠላት ወታደሮችን እንደገደለ የሚነገርለት ሲሞ ሃይሃ የያዘው ይህን ኤም 28-30 ነበር፤ ያለ ቴሌስኮፕ፣ በብረት ማነጣጠሪያ። ስሙ ሲነሣ ሁሉም ስለ ሰውየው ዐይንና ትዕግሥት ያወራል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ከእርሱ በፊት አሥር ዓመት ያህል በትዕግሥት የሠሩትን መሐንዲሶች ባነሣ ደስ ይለኛል።

የፊንላንዶቹ ቅደም ተከተል ያስተምራል። በዒላማ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው በርሜሉ፣ የእንጨቱ አቀማመጥና ጥይቱ ነው፤ ምላጩ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። እንግሊዞችም ቁጥር 4ን ለአነጣጣሪ ተኳሾች ሲያዘጋጁ መጀመሪያ ያደረጉት በፋብሪካ የተኩስ ፈተና ጥይታቸውን አጥብበው የሰበሰቡትን ጠመንጃዎች መምረጥ ነበር፤ ከዚያ ነው ወደ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ድርጅት ልከው ያስተካከሏቸው።

በዚህ ረገድ ስለ ዝገት ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ የተረሳ ጉዳይ ነውና። የድሮ ወታደራዊ ጥይት መለኮሻ ፖታሺየም ክሎሬት የተባለ ውሕድ ነበረው። ሲቃጠል ፖታሺየም ክሎራይድ ይተዋል፤ ይህም የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በርሜሉንም በጥቂት ቀናት ያዝገዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። የሚያሟሟው ውኃ ነው፤ ትኩስ ውኃ አፍስሶ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። ተኩሶ ዘይት ብቻ የቀባ ሰው ጨዉን ከዘይት በታች ሸፍኖ አስቀመጠው። በዚህ ምክንያት የተበሉ በርሜሎችን ይዘው ምላጭ የሚወቅሱ ብዙዎች ናቸው።

የአፈሙዙ ጠርዝም እንዲሁ ነው። ጥይቱ ከበርሜሉ ሲወጣ በመጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው፤ በአንድ ጎኑ ከተበላ ከኋላው የሚወጣው ጋዝ ጥይቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ጠርዙን የሚበላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥይት አይደለም፤ በብረት ዘንግ ከፊት በኩል በግዴለሽነት ማጽዳት ነው። የሶቪየት የጥገና ጣቢያዎች ጠርዛቸው ያለቀ በርሜሎችን ከጫፉ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ አስፍተው በመሰርሰር ጤናማ ጠርዝ ያወጡላቸው ነበር። የቀሩትን፣ የላላ ብሎንና ከማይስማማው ፋብሪካ የመጣ ጥይትን የመሳሰሉትን፣ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት በሕጋዊ የተኩስ ሜዳ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፎ፣ በአንድ ዓይነት ጥይት አምስት ጥይት መተኮስ ይበቃል። አምስቱ ቀዳዳዎች ተሰብስበው፣ ነገር ግን ከመሐል ርቀው ካረፉ ጠመንጃው ጤነኛ ነው፤ ማነጣጠሪያው ብቻ ይስተካከል። በየአቅጣጫው ከተበተኑ በርሜሉን፣ ጠርዙን፣ ብሎኑን፣ እንጨቱን ፈትሹ። ከረጢት ላይ ተሰብስቦ በእጅ ሲተኮስ ብቻ የሚበተን ከሆነ ያኔ ስለ ምላጭና ስለ ጣት እንነጋገራለን፤ እዚያም ቢሆን ርካሹ መድኃኒት በባዶ ጠመንጃ ልምምድ ነው።

ይህ ነገር እኛን የሚመለከትበት በኩል አለ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተዋጉት መካከል ብዙዎች የያዙት ውጅግራ፣ ማለትም ፈረንሳይ በ1874 የተቀበለችው ግራ የተባለው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር። በኋላም ከቤልጅግና ከጀርመን የተገዙ የአንበሳ ምልክት የታተመባቸው ማውዘሮች መጡ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ ብዙ ያረጁ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም አንዳንዶቹን በእጃቸው ይዘዋል። በእነዚህ ላይ የእኔ ምክር ጠንከር ያለ ነው። ውጅግራ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ በዘመናዊ ባሩድ ግፊት ሊፈነዳ ይችላልና ምላጩን ማሻሻል ቀርቶ መተኮሱም የባለሙያ ምርመራ ይጠይቃል። ማውዘሩን ደግሞ ለስፖርት የሚፈልግ ሰው ብረት ሳይሞርድ ሙሉ ተተኪ ምላጭ ገዝቶ ይግጠም፤ ዋናውንም በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥ። ነገ ሌላ ሰው ሊመልሰው ይችላል። የተሞረደ ያዥ ግን አይመለስም። በአገራችን መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን በሕግ የተገደበ መሆኑን ለማንም መንገር አይኖርብኝም።

በመጨረሻ ከተሰብሳቢው የቀረበልኝን ጥያቄ ልመልስ፤ «ቀድሞ ሌላ ሰው የነካካውን ጠመንጃ እንዴት እናውቃለን?» የሚል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዐይንም በጣትም አረጋግጡ፤ ካዝናውንም ጥይት የሚገባበትንም ክፍል። ጥይት በክፍሉ ውስጥ አይኑር። ከዚያ መቀርቀሪያውን በኃይል ዝጉ፤ መቺው እንደተወጠረ መቅረት አለበት። ሰደፉን ወፍራም ላስቲክ ባነጠፋችሁበት ወለል ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፤ አሁንም መቅረት አለበት። ቀጥሎ ሴፍቲውን ዝጉ፣ ምላጩን ሳቡና ልቀቁ፣ ጣታችሁን አንሡ፣ ሴፍቲውን ክፈቱ። በዚህ ጊዜ መቺው በራሱ ከወደቀ ያዡ ተነክቷል ማለት ነው። ከእነዚህ ፈተናዎች በአንዱ እንኳ የወደቀ ጠመንጃ፣ ምላጩ ምንም ያህል ቢለሰልስ፣ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ጥይት አይጉረስ።